ሰርቨር መምረጥ ሰፈር መምረጥ ነው



ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ፣ ትምህርት አልቆ ልጆቹ ጃኬታቸውን ሲለብሱ፣ አንድ የ12 ዓመት ተማሪዬ ወደ ጠረጴዛዬ ጠጋ አለና ስልኩን ዘረጋልኝ። «ቲቸር፣ የቱን ልምረጥ?» አለኝ። ከቤቱ ኮምፒውተር ላይ ያነሳው ፎቶ ነው። ረጅም የስም ዝርዝር ይታያል፤ ከየስሙ አጠገብ ቋንቋና የሰው ብዛት ተጽፏል። ልጁ አዲስ የኦንላይን ጨዋታ ሊጀምር ነው፤ ጨዋታው ደግሞ ከሁሉ በፊት የትኛው ሰርቨር ላይ መኖር እንደሚፈልግ ይጠይቀዋል።

እናቱ በር ላይ ቆመው የመኪና ቁልፋቸውን ያንቀጫቅጫሉ። «ምንድን ነው የምትመርጠው?» አሉት። «ሰርቨር» አላቸው። «በል አንዱን ምረጥና ና፤ የፓርኪንጉ ሰዓት አልቋል!»

እሳቸውን አልወቅስም። ቅዳሜ ከሰዓት ስንት ሥራ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ትራም ውስጥ ቁጭ ብዬ እስከ ቤቴ ድረስ ነገሩን ሳብሰለስለው ቆየሁ። ልጁ በራሱ አነጋገር የጠየቀኝ «ለሚቀጥለው አንድ ዓመት ማታ ማታ ከማን ጋር፣ በምን ቋንቋ ልዋል?» ብሎ ነው። ይህን ጥያቄ «አንዱን ምረጥና ና» ብለን ማለፍ የለብንም ባይ ነኝ። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚሁ ነው።

ሰርቨር ምን ማለት ነው?

ጌም ለማታውቁ ወላጆች በኮንዶሚኒየም ላስረዳ። የጀሞና የሰሚት ኮንዶሚኒየም ፕላኑ ይመሳሰላል፤ ደረጃው፣ ወጥ ቤቱ፣ በረንዳው ያው ነው። ነገር ግን ጀሞ የሚኖር ሰው ሰሚት ካለው ሰው ጋር ደረጃ ላይ አይገናኝም፤ ቡና አይጠራራም፤ እድራቸውም ለየብቻ ነው። እነዚህ የኦንላይን ጨዋታዎችም እንደዚሁ ናቸው። ልጃችሁ አንድ ገጸ ባሕርይ ይፈጥራል፤ ተዋጊ ሊሆን ይችላል፣ አስማተኛ ሊሆን ይችላል፣ የቆሰለ የሚፈውስ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ወር ከወር እያሳደገው፣ ልብስና መሣሪያ እየገዛለት ይሄዳል። የሚጫወተው ሕዝብ እጅግ ብዙ ስለሆነ ግን ሁሉንም አንድ ዓለም ውስጥ ማስገባት አይቻልም። ስለዚህ ኩባንያው ያንኑ ዓለም ደጋግሞ ይገነባዋል፤ እያንዳንዱ ቅጂ ሰርቨር ይባላል። ተራራው አንድ፣ ከተማው አንድ፣ ጎረቤቱ ግን ሌላ።

ጨዋታ ከጨዋታ ይለያል። ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ የሚባለው ላይ ልጁ በገባ ቁጥር አዲስ ሰርቨር መምረጥ ይችላል፤ አንዱ እስከ 2,000 ሰው ይይዛል፤ ገጸ ባሕርዩም በሄደበት ይከተለዋል። እዚያ ቢሳሳት ጉዳት የለውም፤ ወጥቶ ሌላ በር ያንኳኳል። ገንሺን ኢምፓክት ላይ ግን ከዋናው ቻይና ውጭ አራት ሰርቨር ብቻ አለ፤ የአሜሪካ፣ የአውሮፓ፣ የእስያ፣ እንዲሁም የታይዋን፣ ሆንግ ኮንግና ማካው። በአንዱ የተሠራው ወደ ሌላው አይሻገርም፤ አብሮ መጫወትም የሚቻለው እዚያው ሰርቨር ላይ ካለ ሰው ጋር ብቻ ነው። ፋይናል ፋንታሲ 14 መሐል ላይ ነው፤ ከ2022 ጀምሮ በአንድ ክልል ውስጥ ካለ አንድ የሰርቨሮች ማዕከል ወደ ሌላው እንግዳ ሆኖ መሄድ ተፈቅዷል። እንግዳ ግን እንግዳ ነው፤ የቤት ልጅ የሚያገኘውን ሁሉ አያገኝም።

ከሁሉም የታወቀው ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በኅዳር 2004 በአሜሪካ፣ በየካቲት 2005 በአውሮፓ ተከፈተ (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው)። እስከ ዛሬ በሁለቱ መካከል ግንብ አለ። የአሜሪካው ገጸ ባሕርይ ወደ አውሮፓ አይመጣም፤ የአውሮፓውም ወደዚያ አይሄድም። የአውሮፓው ራሱ ደግሞ በቋንቋ የተከፋፈለ ነው፤ የእንግሊዝኛ፣ የጀርመንኛ፣ የፈረንሳይኛ፣ የስፓኒሽ፣ የሩስኛ ሰርቨር እያለ ይቀጥላል። የአማርኛ የለም። ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ።

እኔ ጀርመንኛ የተማርኩት የት ነው?

ይህን ጉዳይ ለምን እንደማከርረው እንድታውቁ የራሴን ልንገራችሁ። በ2007 ፍራንክፈርት ስገባ 17 ዓመቴ ነበር። የቋንቋ ኮርስ ተሰጠኝ። ክፍል ውስጥ «መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ነው» እላለሁ፤ ትራም ውስጥ ግን አንድ ሰው «ይህ ቦታ ተይዟል?» ቢለኝ ምላሴ ይተሳሰራል። ከክፍል ስወጣ የማወራው ሰው አልነበረኝም።

አብሮኝ የሚኖር አንድ የአሥመራ ልጅ አሮጌ ኮምፒውተር ነበረው። ጨዋታውን ያሳየኝ እሱ ነው። ሰርቨር ምረጥ ሲለኝ የእንግሊዝኛውን ልጫን እጄን ዘረጋሁ፤ እንግሊዝኛ ከትምህርት ቤት ትንሽ ይዤ መጥቻለሁ። ልጁ እጄን ያዘኝና «አንተ፣ የምትኖረው እኮ እዚህ ነው!» አለኝ። የጀርመንኛውን ጫንኩ።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ዝም ብሎ ማንበብ ብቻ ነበር። ከዚያ «መጣሁ»፣ «ይቅርታ»፣ «ጠብቁኝ» ማለት ጀመርኩ። ቆይቶ ጊልድ ገባሁ። ጊልድ ማለት እድር በሉት፤ ደንብ አለው፣ ሰብሳቢ አለው፣ የቀረ ሰው ይጠየቃል። በእኛ እድር ውስጥ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር፣ አንዲት ነርስ፣ ሁለት ተማሪዎችና አንዲት ጡረታ የወጡ ሴትዮ ነበሩ። ሴትዮዋ «ዴር»፣ «ዲ»፣ «ዳስ» ስሳሳት በትዕግሥት ያርሙኝ ነበር። 25 ሰው ሆነን ትልቅ ውጊያ ስንገባ «ወደ ግራ!» ሲባል ወደ ቀኝ የሄድኩ እንደሆነ እኔ ብቻ አልሞትም፤ ሃያ አራቱንም ይዤ ነው የምሞተው። እንደዚያ ሆኖ የገባ ቋንቋ አይወጣም። የኮርሱን ፈተና ሳልፍ መምህሬ «ከየት አመጣኸው?» አሉኝ። አፍሬ አልነገርኳቸውም።

ሌላው ጎኑን ግን ልደብቃችሁ አልፈልግም። በዚያው ዓመት እናቴ ስልክ ላይ «ልጄ፣ ምነው ቃል ትፈልጋለህ?» አለችኝ። ለካ በአማርኛ ሳወራ መሐል ላይ እየቆምኩ ነበር። ጀርመንኛው ሲገባ አማርኛው ቦታ እየለቀቀ ነው። ማንም አልቀማኝም፤ የሚያወራኝ ሰው ስላነሰ ብቻ ነው።

ከዚያ የተረዳሁት አንድ ነገር አለ። ልጅ የሚይዘው ከሚወደው ሰው ጋር አንድ ነገር ለመጨረስ የሚያስፈልገውን ቋንቋ ነው። በሳምንት ውስጥ 168 ሰዓት አለ። እኛ ጋ የሚያሳልፉት ሁለቱን ብቻ ነው። ፊደሉን እናስቆጥራለን፣ ግሱን እናረባለን፣ ግን አብሯቸው የሚሮጥ፣ የሚጣላቸው፣ የሚያስቃቸው አማርኛ ተናጋሪ እኩያ ልንፈጥርላቸው አንችልም። ተማሪዎቻችን 13 እና 14 ዓመት ሲሞላቸው ለምን እንደሚቀሩ በየስብሰባው እንነጋገራለን። እኔ የማየው ምክንያት ይህ ነው፤ ቋንቋውን የሚያወራቸው ትልቅ ሰው ብቻ ነው፣ የሚያወራቸውም ሊያዝዛቸው ወይም ሊቆጣቸው ነው።

የዘመዱ ልጅ ግን አለ። አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ዱባይ፣ አንዱ ቨርጂንያ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይባላል። አንድ ሰርቨር ላይ የገቡ ዕለት ሩቁ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሆናል። ለዚህ ነው ምርጫው ዋጋ አለው የምለው።

እኔ የሳሳትኩት ምክር

ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት ተማሪዬ ይህንኑ ጥያቄ ጠይቃኝ ነበር። እኔም አዋቂ ነኝ ብዬ «ሰው የበዛበትን ምረጪ፤ ገበያ የሚደምቀው በሰው ነው» አልኳት። መረጠች። በሁለተኛው ሳምንት ማታ ለመግባት ወረፋ መጠበቅ ጀመረች፤ አንዳንድ ቀን ከአንድ ሰዓት በላይ። የተፈቀደላት የጨዋታ ሰዓት በወረፋ አልቆ መኝታ ይደርሳል። ይሄ ሳያንስ ሰባት ወር ሙሉ ገጸ ባሕርይዋን ካሳደገች በኋላ አሜሪካ ያለችው የአክስቷ ልጅ «እኔም ጀመርኩ!» ብላ ደወለች። ሁለቱ የጀመሩት በተለያየ ክልል ነው። መገናኘት አይችሉም። አንዷ የሰባት ወሩን ድካም ጥላ ከዜሮ መጀመር አለባት።

ልጅቷ ከዜሮ ጀመረች፤ ሳምንት ሳይሞላት ሰለቻትና ሁለቱንም ተወች። እናቷ «ምን ብለህ ነው የመከርካት?» ሲሉኝ የምመልሰው አልነበረኝም። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ያሉት አባቶች ለካ ለሰርቨርም ነው።

ታዲያ ምን እንመልከት?

ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ልጅ ሁሉ የምለውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ከጨዋታው በፊት ስልኩን አንሱ። የአጎቱ ልጅ ይጫወታል? የቱን? የት ሰርቨር ላይ ነው? ይህ ጥያቄ ከሌላው ሁሉ ይቀድማል። አዲስ አበባ ላለ ልጅ ደግሞ በየወሩ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ቀላል ነገር ስላልሆነ፣ በነጻ የሚጀመር ጨዋታ ብትመርጡ ይሻላል። ከላይ የጠቀስኳቸው ሩንስኬፕና ገንሺን በነጻ ይጀመራሉ፤ ፋይናል ፋንታሲም ሰፊ የነጻ መሞከሪያ አለው።

ሁለተኛ፣ ርቀት። ሰርቨር አየር ላይ የተንሳፈፈ ነገር አይደለም፤ አንድ ሕንጻ ውስጥ የተቀመጠ ማሽን ነው። ልጁ ቁልፍ ሲጫን ትዕዛዙ እዚያ ድረስ ሄዶ መመለስ አለበት። በፋይበር ገመድ ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ ከ5,300 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ደርሶ መልሱ ቢያንስ ወደ 53 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል። ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን 11,500 ገደማ ነው፤ ደርሶ መልሱ ቢያንስ 115። ገመዱ ቀጥ ብሎ ስለማይሄድና በየመንገዱ ስለሚቆም እውነተኛው ቁጥር ከዚህ ይበልጣል። ልጆቹ «ላግ አደረገ» ብለው የሚጮኹት ይህ ሲበዛ ነው። ስለዚህ ዘመዱ አዲስ አበባም፣ ባሕረ ሰላጤውም፣ አሜሪካም ለተበተነ ቤተሰብ የአውሮፓ ሰርቨር መሐል ሜዳ ነው። ለማንም እጅግ ቅርብ አይሆንም፤ ለማንም ደግሞ የማይቻል አይሆንም። በዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ግን የአሜሪካው ልጅ ከመጀመሪያው የአውሮፓውን መርጦ መግዛት እንዳለበት እንዳትረሱ።

ሦስተኛ፣ ቋንቋ። የአማርኛ ሰርቨር የለም ብያለሁ። ስለዚህ ሰፈሩ የሰው ይሆናል፤ ቤቱ ግን የኛ ሊሆን ይችላል። አራት አምስት የዘመድ ልጆች የራሳቸውን ጊልድ ቢያቋቁሙ፣ በጊልዱ ውስጥ አማርኛ፣ አደባባይ ሲወጡ ጀርመንኛ ወይም እንግሊዝኛ ይሆናል። እዚህ የምንኖረውም እኮ እንደዚያው ነው። ጀርመን ውስጥ ላለ ልጅ የእንግሊዝኛ ሰርቨር አይከፋም፤ ቨርጂንያና ዱባይ ያሉት የሚግባቡበት ነው። አዲስ የመጣ፣ ጀርመንኛ ገና የሚማር ልጅ ያላችሁ ግን የኔን መንገድ አስቡበት።

አራተኛ፣ የሰርቨሩ ጠባይ። ሰርቨሮች ዓይነት አላቸው። አንዳንዱ ላይ ማንም ተጫዋች ማንንም ድንገት ሊመታ ይችላል። አንዳንዱ ሰላማዊ ነው፤ ካልተስማማችሁ በቀር አይነካኩም። አንዳንዱ ደግሞ ተጫዋቾቹ እንደ ቲያትር ሚናቸውን ይዘው የሚያወሩበት ነው። ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በ2018 ይህን የመደባደብ ነገር በዋናው ጨዋታ ላይ ተጫዋቹ ራሱ የሚከፍተውና የሚዘጋው አድርጎታል፤ በ2019 የወጣው ክላሲክ የሚባለው ግን በድሮው መልኩ በሰርቨር ለይቶት ነው የመጣው። ሩንስኬፕም መገዳደል የሚፈቀድባቸው ሰርቨሮች አሉት፤ እዚያ የሞተ ልጅ ንብረቱን ሊያጣ ይችላል። ለጀማሪ ልጅ ሰላማዊውን ምረጡ። ገና ከመግባቱ በትልልቆች እየተመታ የሚያለቅስ ልጅ ቋንቋም አይማርም፣ ጨዋታም አይጫወትም።

አምስተኛ፣ የሰው ብዛት። ከኔ ስህተት ተማሩ። ሞልቶ የፈሰሰ ሰርቨር ወረፋ አለው። በታኅሣሥ 2021 ፋይናል ፋንታሲ 14 አዲስ ምዕራፍ ሲያወጣ ሰዉ ከመብዛቱ የተነሣ ኩባንያው ራሱ ጨዋታውን መሸጥ ለጊዜው አቁሞ ነበር። ባዶ ሰርቨር ደግሞ እንደ ባዶ ገበያ ነው፤ የምትገዛው የለም፣ የሚያግዝህ የለም። መካከለኛውን ምረጡ። አንዳንድ ጨዋታ ሰው ያነሰበትን ለይቶ ያሳያል፤ እዚያ ለሚገባ አዲስ ሰው ጉርሻም ይሰጣል።

ስድስተኛ፣ መውጫው። ከመግባታችሁ በፊት «ብንሳሳት መልቀቅ ይቻላል ወይ? ስንት ያስከፍላል?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንዱ በነጻ ነው፤ አንዳንዱ ጭራሽ አይቻልም፤ አንዳንዱ በገንዘብ ነው። ቤት ስንከራይ ውሉን እናነብ የለ? ይኸም ውል ነው።

«ጌም ልታስተምሩ ነው እንዴ?»

ይህን ሐሳብ ለአንድ አባት ሳጫውታቸው ቅር አላቸው። «እኛ ቅዳሜ የምናመጣቸው ከስክሪን እንዲላቀቁ ብለን ነው። አንተ ደግሞ ጌም ልታስተምር ነው እንዴ?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ትክክል ነው፤ ልዘለው አልችልም።

የማይጫወት ልጅ ያላችሁ ወላጆች እግዚአብሔር ይመስገን በሉ፤ እኔ ማንንም ጀምሩ አልልም። የምናገረው ቀድሞ ለሚጫወተው ልጅ ነው፤ ክፍሌ ውስጥ አብዛኛው ይጫወታል። እነዚህን ልጆች «ተው» ብንላቸው በራችንን ዘግተው ይጫወታሉ። ከማን ጋር እንደሚጫወቱ የማናውቀውም ያኔ ነው። የመረጡበት ቀን አጠገባቸው የተቀመጠ ወላጅ ግን የሰፈሩን ስም ያውቃል፣ የጊልዱን ሰዎች ያውቃል፣ «ዛሬስ እነማን ነበሩ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ልጁ ሰፈር ወርዶ ኳስ ሲጫወት የምንጠይቀው ጥያቄ ነው።

ሥጋቱም እውነት ነው። ቻት ላይ ማንም ማንንም ያናግራል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ሊኖሩ ይገባል የምላቸው ደንቦች አሉ። ኮምፒውተሩ ሳሎን ይሁን። እውነተኛ ስም፣ ትምህርት ቤት፣ ከተማ አይነገርም። ከማያውቁት ሰው ጋር በድምፅ ማውራት የለም። ከማያውቁት ሰው ስጦታ መቀበልም የለም። የዕድሜ ምልክቱን እዩ፤ ለምሳሌ ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት አውሮፓ ውስጥ ለ12 ዓመትና ከዚያ በላይ ተብሎ የተመደበ ነው። የወላጅ መቆጣጠሪያውንም ክፈቱት፤ የሰዓት ገደብ ለማበጀት አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

አንዲት ሌላ መምህርት ደግሞ «ቻቱ ፊደላችንን አይቀበልም፤ በላቲን እየጻፉ ፊደሉን ሊረሱት ነው» አለችኝ። እኔ የሞከርኳቸው ጨዋታዎች ላይ እውነቷን ነው፤ በፊደል ስትጽፉ የሚወጣው ባዶ ሳጥን ነው። ስለዚህ ልጆቹ ቻቱን ትተው የቤተሰብ ስልክ ከፍተው ቢያወሩ እመርጣለሁ፤ ከጨዋታው በፊት የሚቀጣጠሩበትን መልእክት ደግሞ በቴሌግራም በፊደል ይጻፉ። «ዛሬ ማታ ትገቢያለሽ?» ብሎ በፊደል የጻፈ ልጅ ከእኔ የቤት ሥራ የተሻለ ሠርቷል።

አንድ ያላሰብኩት ጥቅም ልጨምር። ሰዓት! የኛን ሰዓት አቆጣጠር ለማስተማር ስንት ዓመት ደከምን። አሁን ግን ክፍል ውስጥ ሰሌዳው ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ በክረምት እዚህ ቅዳሜ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ከምሽቱ 2፣ ዱባይ ከምሽቱ 3፣ ቨርጂንያ ደግሞ ከቀኑ 6 ሰዓት ነው። ሁሉም ነቅቶ፣ ሁሉም ቤቱ ያለበት ሰዓት ይኸው ነው። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ክፍሉ በሙሉ በኢትዮጵያ ሰዓት ይከራከር ጀመር። አንደኛዋ «በበጋማ አዲስ አበባ የሚበልጠን በአንድ ሰዓት ብቻ ነው» ብላ አረመችኝ። ልክ ነች፤ እነሱ ሰዓታቸውን አይቀይሩም፣ እኛ ነን የምንቀይረው።

ልጁስ ምን ወሰነ?

በሚቀጥለው ቅዳሜ እናቱ ራሳቸው መጡ። ፓርኪንጉን እንኳ አስቀድመው ለሁለት ሰዓት ከፍለዋል። ሻይ ይዘን ዝርዝሩ ላይ ተቀመጥን። አዲስ አበባ ላለችው እህታቸው ደወሉ፤ የ13 ዓመት ልጅ አለቻቸው፣ እሷም ትጫወታለች። በነጻ የሚጀመረውንና ከአውሮፓ ሰርቨሮች መካከለኛውን፣ ሰላማዊውን መረጡ። በሳምንት አንድ ቀን፣ አንድ ሰዓት ብለው ተስማሙ።

የመጀመሪያውን ቀን ልጁ እንዲህ ሲል ነገረኝ። አማርኛ የሚያወራው ከኛ ጋርና ከትልልቅ ሰው ጋር ብቻ ስለሆነ፣ የአክስቱን ልጅ «ይምጡ፣ እዚህ ይቁሙ፣ ይጠብቁኝ» እያለ አዘዛት። ልጅቷ በሳቅ ፈረሰች። «አንተ፣ እኔ አያትህ ነኝ እንዴ? ነይ በለኝ!» አለችው። ከክፍል መጽሐፋችን ሦስት ዓመት ሙሉ ያልገባው «ነይ»፣ «ቁሚ»፣ «ጠብቂኝ» በአንድ ማታ ገባው። መሐል ላይ አውሬ ሲይዘው «ሞትኩ! ሞትኩ! አድኚኝ!» ብሎ ሲጮህ፣ አዲስ አበባ ያሉት አያቱ ከስልኩ ሰምተው ነጠላቸውን እያጣፉ «ማነው? ማነው የሞተው?» ብለው መጡ። ነገሩን ሲያስረዷቸው ቁጭ ብለው እስከ መጨረሻው አዩ አሉ። አሁን ቅዳሜ ሲደርስ «ልጁ ዛሬ አይዋጋም?» ብለው የሚጠይቁት እሳቸው ናቸው።

አንዳንድ ቀን መብራት ይጠፋና የልጅቷ ገጸ ባሕርይ ሜዳ ላይ ቆማ ትቀራለች። እሱም አጠገቧ ቆሞ ይጠብቃታል። እስክትመለስ ድረስ አውሬ እንዳይበላት እየጠበቀ ማለት ነው። እኔ ይህን ስሰማ የትኛውም የንባብ ፈተና ያልነገረኝን ነገር ሰማሁ።

ስለዚህ ውድ ወላጆች፣ የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። ልጃችሁ «የቱን ሰርቨር ልምረጥ?» ሲላችሁ ሃያ ደቂቃ ስጡት። ጌሙን ማወቅ አይጠበቅባችሁም። የዘመዶቻችሁን ስልክ ቁጥርና የሚኖሩበትን አገር ታውቃላችሁ፤ ያ ይበቃል፤ የቀረውን ልጁ ያውቀዋል። ለሚፈልግ ቤተሰብ ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ከትምህርት በኋላ ሃያ ደቂቃ ክፍሌ ውስጥ እቆያለሁ። የዝርዝሩን ፎቶ ይዛችሁ ኑ። ሻዩ ከኔ ነው፤ ፓርኪንጉን ግን አስቀድማችሁ ክፈሉ።

መልካም ሳምንት። ቅዳሜ ያገናኘን።